ቁጭ ብሎ መዋል፦ በአንዲት አያት የቀን ውሎ ላይ የተደረገ የመስክ ጥናት

ስለ ዋልያ፣ ስለ ጭላዳና ስለ ቀይ ቀበሮ ብዙ ተጽፏል። ቀይ ቀበሮ በባሌ ተራሮች ላይ ለፍልፈል እንዴት እንደሚያደባ፣ ጭላዳ በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ እንዴት እንደሚያድር አጥንተው ማዕረግ ያገኙ ሊቃውንት አሉ። ከሦስቱም በቁጥር የሚበልጡት፣ በየግቢው የሚገኙትና ሰው ሲቀርባቸው የማይሸሹት አያቶች ግን እስካሁን የሚገባቸውን ያህል ሳይንሳዊ ትኩረት አላገኙም። ምክንያቱ የገንዘብ እጥረት አይመስለንም። አያትን ለማጥናት ድንኳን መትከልም፣ መነጽር ማንገትም፣ ተራራ መውጣትም አያስፈልግም፤ ሄዶ "እንደምን ዋሉ" ማለት ይበቃል። ችግሩ ያለው ለሰላምታው በሚሰጠው መልስ ላይ ነው። መልሱ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፦

"ምን እሠራለሁ ልጄ፣ ቁጭ ብዬ ነዋ።"

ይህ ቃል ያለ ምርመራ ሲመዘገብ ኖሯል። በሥራ ስምሪት መጠይቆች ላይ የቤቱን ሥራ ብቻ ሲሠራ የሚውል ሰው ከሠራተኛው ወገንም፣ ሥራ ፈላጊ ከሆነው ወገንም አይቆጠርም። መጠይቅ ያነገበው ወጣት ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠይቃል፤ እማማ የተለመደውን ይመልሳሉ፤ ወጣቱ አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ "ቡና ሳትጠጣማ አትሄዳትም" ተብሎ ይያዛል። ጠጥቶ፣ ተመርቆ፣ ለመንገዱ ቆሎ በኪሱ ተደርጎለት ይሄዳል። ቡናውን ማን እንደቆላው፣ ቆሎውን ማን እንዳመሰው የሚጠይቅ ተራ ቁጥር ቅጹ ላይ የለም። ይህ ጥናት መላምቱን ፊት ለፊት ለመፈተን የተነሣ ነው። አያቶች በእርግጥ ቁጭ ይላሉ ወይ? ካሉስ መቼ?

ናሙናውና ዘዴው

ናሙናው አንድ ሰው ነው። ተጠኚዋ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ በሚገኝ የቀበሌ ቤት የሚኖሩ፣ የአጥኚው የእናት እናት ናቸው። ዝምድናው ገለልተኝነትን ያጓድላል የሚል ሐያሲ አይጠፋም። ባዳ አጥኚ ቢላክም "የማን ልጅ ነህ? አባትህ አገሩ የት ነው?" ከተባለ በኋላ ሁለተኛው ስኒ ሳያልቅ ዘመድ ሆኖ ስለሚገኝ ለውጥ አያመጣም።

ዕድሜያቸውን በሦስት ሰነዶች አመሳክረናል። መታወቂያው፣ የእድሩ መዝገብና ከባለቤታቸው የወረሱት የጡረታ ደብተር ሦስት የተለያዩ ዕድሜዎች ይናገራሉ። በቃል የተገኘው መረጃ ጣልያን ከወጣ በኋላ ተወልደው በግርግሩ ዓመት እንዳገቡ ያስረዳል። ጣልያን የወጣው በ1933፣ የታኅሣሥ ግርግር የሆነው በ1953 ነውና ልደታቸው በዚህ መካከል የሆነ ቦታ ላይ ይወድቃል። ምርመራው ከዚህ በላይ አልገፋም። "ዕድሜዬን ለምን ፈለግኸው?" ለሚለው ጥያቄ አጥኚው ያዘጋጀው መልስ አልነበረውም።

የጥናት ሥነ ምግባር ተጠኚው ፈቃዱን አስቀድሞ እንዲገልጽ ያዛል። ዓላማው ተብራርቶላቸው ሲያበቃ ተጠኚዋ "በላህ?" ብለዋል። ይህን እንደ ፈቃድ ወስደነዋል። አጥኚ ከተጠኚው እጅ ስጦታ መቀበል የለበትም የሚል ደንብም አለ፤ ደንቡን ያወጡት ሰዎች ጉርሻ ፊታቸው ላይ ተይዞ "አፈር ስሆን" የተባሉ አይመስሉም።

ዘዴው ምልከታ ነው። አጥኚው በረንዳው ላይ ወንበር ስቦ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ተመልካች መገኘቱ ብቻ የሚመለከተውን ነገር ይለውጠዋል የሚል ማስጠንቀቂያ በየመማሪያ መጽሐፉ ይገኛል። እኛን የገጠመን ተቃራኒው ነው፤ ተጠኚዋ ቅንጣት አልተለወጡም፣ ተመልካቹ ግን ተላከ። ዓይናቸው በሚደርስበት ሁሉ እጁን አጣጥፎ የተገኘ ሰው ሽንኩርት፣ ከሰል ወይም "ያቺን ነገር" እንዲያመጣ ይታዘዛል። ያቺ ነገር ምን እንደሆነች አይነገርም፤ ይዞ ሲመለስ ግን እሷ አለመሆኗ ይነገረዋል። በዚህ ምክንያት መረጃው ውስጥ ሰፋፊ ክፍተቶች አሉ። ከሁሉ የሚሰፋው አጥኚው የተቀመጠበት ወንበር የእድር ሆኖ በመገኘቱና ለልቅሶ በመፈለጉ የተፈጠረ ነው።

የአቀማመጥ ዓይነቶች

የመጀመሪያው ውጤት መላምቱን የሚደግፍ መስሎ ነበር። ተጠኚዋ ጧት ከቤተ ክርስቲያን መልስ በርጩማቸው ላይ በእርግጥ ቁጭ ይላሉ። ታይቷል፣ ተመዝግቧል። ቀረብ ብሎ ሲታይ ግን የበርጩማው ድርሻ ከወገብ በታች ያለው ብቻ ነው፤ ከወገብ በላይ ያለው ሥራ ላይ ነው።

ጥጡ የሚገዛው ከነፍሬው ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ እየተዳመጠ ፍሬው ይለቀማል፤ ከዚያ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ሲነዘር የሚያሰማውን ድምፅ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ሥራ መጀመሩን የሚሰሙ ሴቶችም "እንዲያው ልጠይቅሽ ብዬ" እያሉ አንድ ሁለት ይመጣሉ። ተነድፎ እንደ ጉም የሆነው ጥጥ ባዘቶ ይባላል። ባዘቶው በግራ እጅ ይያዛል። እንዝርቱ ጭን ላይ በቀኝ መዳፍ ተገፍቶ ይሾራል፤ እየሾረ ሳለ ግራው እጅ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ክሩ ከባዘቶው ተመዝዞ ይጠማዘዛል፤ እጅ ወርዶ የተፈተለው እንዝርቱ ላይ ይጠቀለላል። ይህ ሁሉ አንድ ክንድ ክር ነው። አንድ ልቃቂት እስኪሞላ ስንት ጊዜ እንደሚደገም አጥኚው መቁጠር ጀምሮ ነበር፤ በመካከሉ ለከሰል ተልኳል።

ድርና ማግ አንድ ዓይነት ክር አይደለም። ድሩ የሸማኔውን ጉተታ መቻል ስላለበት ቀጭንና ጠበቅ ብሎ የተጠማዘዘ ይሆናል። ማጉ ላላ ይላል፤ የጋቢው ልስላሴና ሙቀትም ከሱ ነው። ከዚህ በመነሣት ጥናቱ እስካሁን ያልተመዘገበ ግኝት ያቀርባል፦ ተጠኚዋ ድር ሲፈትሉ ዝም ይላሉ፣ ማግ ሲፈትሉ ያወራሉ። አጥኚው በሰፈሩ ስለተደረገ አንድ ሠርግ በድር ሰዓት ጠይቆ ያገኘው መልስ "እህ" የሚል ነው። ያው ጥያቄ በማግ ሰዓት ሲቀርብ ሙሽራዋ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥራለች፤ የሙሽራው እናት ያሠሩት ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ያልበሰለ እንደነበርም ተገልጿል። ወደፊት ቃለ መጠይቅ ለማድረግ የሚመጡ ተመራማሪዎች አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ክሩን እንዲያዩ እንመክራለን።

ልቃቂቱ ሲጠራቀም ለሸማኔ ይሰጣል። ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ ነው። ሽሮ ሜዳና ጉለሌ ከዶርዜና ከጨንቻ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ከጥንት የሠፈሩበት በመሆኑ ሸማኔ ማግኘት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ማመን ነው። ተጠኚዋ ፈትላቸውን ሲያስረክቡ ይመዝናሉ፤ በሚዛን ሳይሆን በእጅ። ጋቢው ተሠርቶ ሲመጣም ይመዝናሉ፤ አሁንም በእጅ። ቀጥሎ ጫፉን በሁለት ጣት አሽተው፣ ወደ ብርሃን አንሥተው አይተው "የኔ ነው" ወይም "ይሄስ የኔ አይደለም" ይላሉ። አሁን አሁን የፋብሪካ ክር በድርነት የገባበት ጋቢ ገበያውን ሞልቶታልና የሰውን ፈትል የሚያቀያይር አለ ተብሎ ይጠረጠራል። የሸማኔውን ስም ለመጠበቅ ስንል በዚህ ረገድ የሰጡትን ሙሉ አስተያየት አናትምም።

ስለ ስፌት ብዙ አንልም። ስንደዶው በመስከረም ይመጣል፣ አክርማው ይነከራል፣ ወስፌው ሁልጊዜ ይጠፋል፣ ሁልጊዜም ከራሳቸው ሻሽ ላይ ተሰክቶ ይገኛል። አልጋ ሥር በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠ ያልተጨረሰ መሶብ አለ። መሶቡ የሚሰፋው ገና ላላገባችው የልጅ ልጅ ነው። ልጅቱ ባለማግባቷ መሶቡ አላለቀም ወይስ መሶቡ ባለማለቁ ልጅቱ አላገባችም? ያለን መረጃ የትኛው ምክንያት፣ የትኛው ውጤት እንደሆነ ለመወሰን አይበቃም። ልጅቱ በጉዳዩ ላይ አስተያየቷን ተጠይቃ ግቢውን ለቃ ወጥታለች።

ከነዚህ ሌላ በርበሬ እየቀነጠሱ መቀመጥ፣ ምስር እየለቀሙ መቀመጥ፣ የሰው ሕፃን አቅፈው መቀመጥ ተመዝግበዋል። ባዶ እጅ መቀመጥስ? አንድ ጊዜ ተገኝቷል። ዓይናቸው ተከድኗል፣ ራዲዮኑ ያወራል፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ አርፏል። አጥኚው በደስታ ሰዓቱን ሊጽፍ ብድግ ብሎ ራዲዮኑን ቀነስ ቢያደርገው "ተወው፣ እየሰማሁት ነው" የሚል ድምፅ ተሰማ። መረጃው ተሰርዟል።

የቀን አቆጣጠር

ቤቱ ውስጥ የግድግዳ ካላንደር አለ። ተጠኚዋ የሚጠቀሙት በምስማሩ ነው፤ ዣንጥላ ይሰቅሉበታል። ቀኑን የሚያውቁት በሌላ መንገድ ነው። 1 ልደታ፣ 3 ባታ፣ 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 ባለ ወልድ። እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሥርዓቱ ዝንፍ አይልም፤ ትርፍ የምትመስለው ጳጉሜም በሦስተኛው ቀን ሩፋኤል አላት። አንድ መሥሪያ ቤት "በ16 ይመለሱ" ቢላቸው "ለኪዳነ ምሕረት ቀጠሩኝ" ብለው ይመጣሉ፤ ቀጠሮ ረስተው አያውቁም። የሚረሳው መሥሪያ ቤቱ ነው።

ዓመት የሚቆጠረው በአገር ላይ በደረሰ ነገር ነው። ትክክለኛነቱን ለመፈተን የአንድ ልጃቸውን ልደት ጠየቅን። "ጃንሆይ በወረዱ በወሩ፣ የሚካኤል ዋዜማ" አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነውና ልጁ የተወለደው ጥቅምት 11 ቀን 1967 ይሆናል። የልጁ መታወቂያ መስከረም 1 ይላል። አገራችን ውስጥ መስከረም 1 ተወለደ የሚል መታወቂያ ይዞ የሚዞረው ሰው ብዛት ሌላ ጥናት ያስፈልገዋል፤ ያንን ሁሉ ሕፃን በአንድ ቀን ያዋለዱት አዋላጆች ሐውልት ይገባቸዋል።

ንባብን በተመለከተ፣ ተጠኚዋ ፊደል የለዩት ሐምሌ 1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ማታ ማታ በቀበሌ አዳራሽ፣ በትልቁ ልጃቸው እኩያ አስተማሪ። በዛሬው ጊዜ የሚያነቡት ዳዊትንና የእድሩን መዋጮ መዝገብ ነው። ሁለቱንም እየቆሙ ያነባሉ፤ በሁለተኛው ላይ ግን ደጋግመው ያማትባሉ።

የመቀነት ኢኮኖሚ

ስለ አገራችን የባንክ ታሪክ የተጻፉ መጻሕፍት መቀነትን አያነሡም። ከፍተኛ ጉድለት ነው። የተጠኚዋ ገንዘብ በአራት ቦታ ይቀመጣል። የዕለቱ በመቀነት ጫፍ ይቋጠራል፤ የወሩ ፍራሽ ሥር ይሆናል፤ የእቁቡ በሙዳይ ግርጌ፤ የክፉ ቀኑ በዳዊት ገጾች መካከል። ከአንዱ ወደ ሌላው ዝውውር የሚደረገው በር ተዘግቶ ነው።

ይህ ሥርዓት ለብሔራዊ ባንክ የተጋለጠው በመስከረም 2013 ነው። የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው አዲስ የ200 ብር ኖት ሲመጣ ተጠኚዋ "እኔ ደግሞ ምን ብር አለኝ" ብለው ነበር። አንድ ሳምንት ቆይቶ አጥኚው ወደ ጓዳ ተጠራ፣ በሩም ተዘጋ። ብሩ ከአራቱ ቦታዎች ወጥቶ አልጋው ላይ ተከመረ፤ አጥኚው በማያውቀው በአምስተኛ ቦታም፣ በጤፍ ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ተገኘ። ከዳዊቱ መካከል የወጣችው የጃንሆይ ምስል ያለባት አንድ ብር ናት። ደርግ ገንዘቡን በ1969 ሲለውጥ ሳትለወጥ የቀረች ናት። ለምን እንዳልለወጧት ሲጠየቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ምናልባት ይመለሱ ይሆናል ብዬ" አሉ።

የገንዘቡ ፍሰትም ተጠንቷል። ልጅ ለእናቱ በወር መጀመሪያ ብር ይሰጣል። ብሩ ሁለት ሌሊት መቀነት ውስጥ ያድራል። በሦስተኛው ቀን የሰጪው ልጅ፣ ማለትም የልጅ ልጅ፣ "ና እስቲ" ተብሎ ተጠርቶ ብሩ እጁ ላይ ይጨበጥለታል። እምቢ ቢል "በሞቴ" ይባላል፤ በዚህ ቃል ላይ ይግባኝ የሚባልበት ፍርድ ቤት የለም። ልጁም በዚያ ብር ለአያቱ ሙዝ ገዝቶ ይመጣል። "ገንዘብህን እንዲህ ታባክናለህ?" ተብሎ ይገሠጻል።

"ብቅ ብዬ ልምጣ"

ተጠኚዋ ከቤት የሚወጡት ብቅ ለማለት ብቻ ነው። ብቅ ማለት በአጥኚው ልኬት ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል። ወዴት እንደሚሄዱ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ነጠላው ይናገራል። በትከሻ ተጣፍቶ በመስቀል ዓይነት ከተለበሰ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጥለቱ ወደ ላይ ከተዘቀዘቀ ልቅሶ ነው። ወገብ ላይ ከታሰረ ሩቅ አይሄዱም፣ ድግስ ያለበት ጎረቤት ቤት ሽንኩርት ሊያግዙ ነው። አንዳንድ ቀን ሦስቱም በአንድ መንገድ ላይ ይደረሳሉና ነጠላው በየማዕዘኑ እየተቆመ ይቀየራል።

ከሁሉ ረጅሙ ቆይታ ወፍጮ ቤት ነው። ላላየ ሰው ወፍጮ ቤት እህል አስረክቦ ዱቄት የሚቀበሉበት ቦታ ይመስለዋል። ዋናው ጉዳይ ግን ወረፋው ላይ ከማን ጀርባ መቆም እንደሚገባ ነው። ወፍጮው ሆድ ውስጥ የፊተኛው ሰው ዱቄት ጥቂት ይቀራልና ያ ጥቂት የሚወርደው ለተከታዩ ነው። ነጭ ጤፍ የያዘች ሴት ከማሽላ አስፈጪ ጀርባ አትቆምም። ሽሮ የያዘች ከፊቷ ያለችውን ሴት ሽሮ ቅመም በዓይንም በአፍንጫም ሳትመረምር ተራዋን አትይዝም። ተጠኚዋ ወረፋው ውስጥ ገብተው፣ የፊተኛዋን ጆንያ አፍ ገለጥ አድርገው፣ "እሰይ፣ ጥሩ ጤፍ ነው፣ ከየት ገዛሽው?" ይላሉ። ሙገሳ ይመስላል፤ ፍተሻ ነው። መልሱ ካላረካቸው አንድ ነገር ረስተው እንደመጡ ሰው ወደ ኋላ ይመለሱና ከሌላ ሰው ጀርባ ይገባሉ። ዱቄቱ ሲወርድም አይነሡም። ከወፍጮው አፍ በሁለት ጣት ቆንጠር አድርገው ልመቱን ያያሉ፤ "ትንሽ አጥብቀው" ይላሉ፤ ባለወፍጮው ያጠበቀ መስሎ እጁን አንድ ቦታ ያሳርፋል፤ "አሁን ደኅና ነው" ይላሉ። በርበሬ ከሆነ ደግሞ ሰልፈኛው ሁሉ ነጠላውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ያስነጥሳል፣ ሁሉም ለሁሉም "ይማርሽ" ይላል፤ ይህ ራሱ ጊዜ ይወስዳል።

በመንገዱ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ ስሙን አንጠቅስም። የጣት አሻራ የሚያነብ መሣሪያ የተጠኚዋን አውራ ጣት ሊያነብ አልቻለም። ምጣድ ሲያስሱ፣ ጀበና ሲያነሡና እንዝርት ሲያሾሩ የኖሩበት ጣት ነው። ሌላው ጣት ተሞከረ፤ እሱም እንደዚሁ። መሣሪያው ላይ የተቀመጠችው ልጅ "እማማ፣ ጣትዎ የለም ይላል" አለች። ተጠኚዋ ጣታቸውን ገልብጠው አዩትና "አለ እንጂ" አሉ። ከዚያ ልጅቱን ስሟን፣ የእናቷን አገርና ማግባት አለማግባቷን ጠይቀው መመረቅ ጀመሩ። "ከፍ በይ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ" ሲደርሱ መሣሪያው አነበበ። ምርቃት በመሣሪያ ላይ ስላለው ተጽዕኖ ከዚህ አንድ ሙከራ ተነሥቶ መደምደም አይቻልም፤ ልጅቱ ግን ከኋላቸው ለተሰለፉት አሮጊቶች ሁሉ "መጀመሪያ ይመርቁኝ" እያለች እንደዋለች ተመዝግቧል።

ርቀትና ድምፅ

በስልክ ላይ በድምፅ ኃይልና በርቀት መካከል ቀጥተኛ ዝምድና ታይቷል። ደብረ ብርሃን ያሉት እኅታቸው ሲደውሉ የተጠኚዋ ድምፅ ከጓዳ እስከ ሳሎን ይሰማል። ዱባይ ያለችው ልጃቸው ስትደውል እስከ አጥሩ ይደርሳል። ሜሪላንድ ያለው የልጅ ልጅ ሲደውል የግቢው ሰው ሁሉ ሥራ አቁሞ ይሰማና መጨረሻ ላይ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነው" ይላል። የሚጠየቀው በላህ ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ ትጾማለህ ወይ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ መስመሩ ሁልጊዜ ይቆራረጣል። አጥኚው ይህ የኔትወርክ ችግር ነው ብሎ አያምንም።

ወደ አሜሪካ የሚሄድ መንገደኛ በሰፈሩ መኖሩ ከተሰማ የሚላክ "ትንሽ ነገር" ይዘጋጃል። መንገደኛውን ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ የሚያውቀውን ሰው የሚያውቅ ሰው ማወቅ ይበቃል። ትንሿ ነገር ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽና በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ ይገባል፤ እያንዳንዱ በሦስት ላስቲክ ይታሰራል፣ ላስቲኩ በጨርቅ ይሰፋል፣ በላዩ ላይ ስም ይጻፋል። አንድ ሻንጣ ከ23 ኪሎ በላይ እንደማይወስድ ሲነገራቸው "ድርቆሽ ነው እኮ፣ ምን ይከብዳል" ብለዋል። መንገደኛው በሐምሌ ወር ሁለት ጃኬት ደርቦ ሲሳፈር ታይቷል።

ተጠኚዋ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ሲጠየቁ "ሁሉም እኩል ናቸው" ይላሉ። የፋሲካ ዶሮ ግን በ12 ብልት ይወጣል፤ ብልቶቹም እኩል አይደሉም። ማን እንደደወለ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን የእንቁጣጣሽን ቀን ረስቶ በማግስቱ "ሥራ በዝቶብኝ" እንዳለ ከየሳህኑ ላይ ማንበብ ይቻላል። አጥኚው ዘንድሮ የደረሰውን አይገልጽም።

ግምገማ

ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት በቡና ላይ ተነቧል። በአቦሉ የሰማ አልነበረም፤ ሰው ገና እየገባ ነበር። በቶናው ተጠኚዋ ሁለት እርማት ሰጡ። አንደኛ፣ ሸማኔውን በተመለከተ "ቀየረብኝ አላልኩም፤ እግዜር ይወቀው ነው ያልኩት" ብለዋል፤ ተስተካክሎ ይነበብ። ሁለተኛ፣ ከማሽላ ጀርባ ጤፍ ይዛ የምትቆም ሴት የለችም መባሉ ትክክል አይደለም። አለች፤ ስሟ ግን እንዳይጻፍ።

በበረካው ከግድግዳ ወዲያ ያሉት ጎረቤት ተቃውሞ አስመዘገቡ። የእሳቸው ፈትል ሳይታይ የሌላ ሰው ፈትል እንዴት ይጻፋል? ተነሥተው ሄደው ልቃቂታቸውን በሙዳይ ይዘው መጡ። ተጠኚዋም የራሳቸውን አወጡ። ሁለቱን ልቃቂት ተለዋውጠው በእጅ መዘኑ፣ በጣት አሹ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አዩ። "ደግ ነው" አሉ ተጠኚዋ የጎረቤታቸውን ልቃቂት እያስቀመጡ፣ "ለማግ ይሆናል።" ጎረቤታቸው ስኒያቸውን አስቀመጡ። ሁለቱም በአንድነት ወደ አጥኚው ዞረው፣ የተማረ ሰው ስለሆነ እሱ እንዲፈርድ ጠየቁት።

አጥኚው ሽንኩርት ላምጣ ብሎ ወጥቷል።